የመኪናን ሽቦ እንደ አዲስ መዘርጋት፦ በጅማ ዝናብና ጭቃ ለምንነዳ ሰዎች ዝርዝር መመሪያ

ጅማ ላይ አሮጌ መኪና የያዘ ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። ዝናቡ ሲበረታ መኪናው አመል ያወጣል። አንዱ የፊት መብራት ይደክማል። ክላክሱ አንዴ ይጮኻል፣ አንዴ ዝም ይላል። ፍሬቻ ሲበራ የኋላው መብራት አብሮ ብልጭ ይላል። ጠዋት ደግሞ ባትሪው ወድቆ ይገኛል። ኤሌክትሪሺያን ይጠራል፣ አንድ ሽቦ ይጨምራል፣ በፕላስተር ጠቅልሎ ይሄዳል። በሌላ ወር ሌላ ሽቦ ይጨመራል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ከዳሽቦርዱ ሥር ያለው የሽቦ ክምር ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ የሚያውቅ ሰው አይኖርም።

እዚህ ደረጃ ላይ የደረሰ መኪና በሌላ ጭማሪ ሽቦ አይድንም። ሽቦውን እንደ አዲስ መዘርጋት ያስፈልጋል። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ከአቅም በላይ አይደለም። ከሁሉ አስቀድሞ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ሽቦ መሃሉ ላይ እምብዛም አይበላሽም። የሚበላሸው ጫፉ ላይ፣ ከሌላ ሽቦ ጋር በተጋጠመበትና ቦዲ ላይ በታሰረበት ቦታ ነው። የጅማ እርጥበት ደግሞ የሚገባው እዚያው ነው። ስለዚህ የዚህ ሥራ ዋናው ነገር መጋጠሚያ መቀነስና የሚቀሩትን አሳምሮ መሥራት ነው።

የትኛው መኪና ላይ ይሠራል?

የምጽፈው ለአሮጌዎቹ ነው፤ ለእነ ዲኤክስ ኮሮላ፣ ለቀድሞ ሃይሉክስና ላንድክሩዘር፣ ለአሮጌ ሚኒባስ። ካርቡሬተር ወይም ተራ የናፍጣ ፓምፕ ያላቸው መኪኖች ሽቦ ቀላል ነው። አንድ ሰው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሊረዳው ይችላል።

ኢሲዩ (የሞተር ኮምፒውተር)፣ ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ፍሬን) እና ኤርባግ ያለው መኪና ከሆነ ዋናውን የሽቦ ጥቅል አትንኩት። የተበላሸውን ቦታ ብቻ ጠግኑ። ቢጫ መሸፈኛ ወይም ቢጫ ማገናኛ ያለው ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ የኤርባግ ነው። በቴስተር መብራት እንኳ አይነካም። ሁለት ሁለት ሆነው የተጠማዘዙ ቀጫጭን ሽቦዎች ካያችሁ ደግሞ ኮምፒውተሮቹ የሚነጋገሩባቸው ናቸው፤ አትፍቷቸው።

አይሱዙ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ብዙዎቹ 24 ቮልት ስለሆኑ አምፖሉም ሪሌውም (በቀጭን ሽቦ የሚታዘዝ ማብሪያ) ለ24 የተሠራ መሆን አለበት። ከዚህ በታች የምሰጠው ስሌት በሙሉ ለ12 ቮልት ነው።

ላሜራና ቀለም የሚያስፈልገው መኪና ከሆነም መጀመሪያ ያ ይለቅ። አዲስ ሽቦ ዘርግቶ ላሜራ ቤት ማስገባት ልፋትን ማቃጠል ነው። የብየዳ ፍንጣሪ ሽቦ ያቃጥላል። የብየዳው ኮረንት ደግሞ ዲናሞው ውስጥ ያሉትን ዳዮዶች (ኮረንት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉትን) ሊበላ ይችላል። በማንኛውም ብየዳ ጊዜ የባትሪውን ሁለቱንም ገመዶች አውጡ፣ ዲናሞውንም ንቀሉ።

ደረጃ 1፦ ምንም ሳትቆርጡ በፊት

መኪናው በአሁኑ ሁኔታው ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ አንድ በአንድ ፈትሻችሁ ጻፉ። አጭርና ረጅም መብራት፣ ፓርኪንግ፣ ፍሬቻ፣ የፍሬን መብራት፣ የኋላ ማርሽ መብራት፣ ዝናብ መጥረጊያ፣ ክላክስ፣ ፋን፣ ጌጆች፣ የዘይትና የቻርጅ ምልክት። ይህን ካላደረጋችሁ ሥራው አልቆ አንድ ነገር እምቢ ሲል ድሮም የማይሠራ ይሁን እናንተ ያበላሻችሁት አታውቁም።

ቀጥሎ ሥዕል ፈልጉ። ሞተር ክፍል ውስጥ ያለው የብረት ሰሌዳ ላይ የሞዴሉ ኮድ ተጽፏል። በዚያ ኮድ የመኪናውን የኤሌክትሪክ ሥዕል ኢንተርኔት ላይ መፈለግ ትችላላችሁ። ባታገኙም ችግር የለም፤ ራሳችሁ ሣሉት። ለእያንዳንዱ መስመር አንድ ገጽ ስጡት። ከባትሪ ይነሳል፣ ፊውዝ ያልፋል፣ ማብሪያ ወይም ሪሌ ያልፋል፣ ዕቃው ጋ ይደርሳል፣ ከዚያ ቦዲ ላይ ያልቃል። የመኪና ኤሌክትሪክ በሙሉ ይኸው ነው።

ስልካችሁ ካሜራ አለው፤ ተጠቀሙበት። እያንዳንዱን ማገናኛ ከመንቀላችሁ በፊት ከሁለት አቅጣጫ ፎቶ አንሱ። ከዚያ ነጭ ፕላስተር ላይ በስክሪብቶ ጽፋችሁ ሽቦው ላይ ለጥፉ። «ግራ ፍሬቻ፣ ፊት» ብሎ የተጻፈ ሽቦ ከሳምንት በኋላም ስሙን አይረሳም። በጭንቅላት አስታውሳለሁ የሚል ሰው ግን ሦስተኛው ቀን ላይ ግራ ይገባዋል።

የሽቦ ቀለሞችን ጠብቁ። በቶዮታ ላይ ነጭ ሆኖ ጥቁር መስመር ያለው ሽቦ ብዙውን ጊዜ ግራውንድ (ኮረንቱ በቦዲ በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበት) ነው። አዲሱን ስትዘረጉ ቀለሙን ካላገኛችሁ ቢያንስ ግራውንድን በሙሉ ጥቁር፣ በቀጥታ ከባትሪ የሚመጣውን በሙሉ ቀይ አድርጉ። ነገ ሌላ ባለሙያ መኪናውን ሲከፍት ያመሰግናችኋል።

ደረጃ 2፦ ዕቃ መግዛት

መሣሪያው ብዙ አይደለም። ሙልቲሜትር፣ የቴስተር መብራት፣ ካቻቢቴዎች፣ 10 ቁጥር መፍቻ፣ ሽቦ መላጫ፣ የተርሚናል (ሽቦው ጫፍ ላይ የሚገባ ብረት) መጭመቂያ። ከእነዚህ ገንዘብ የሚወጣበት መጭመቂያው ነው። በተራ ፒንሳ የተጨመቀ ተርሚናል ለዓይን ጥሩ ይመስላል፣ ግን ይላላል።

ሽቦ ላይ ግን ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ መኪና የሚበላሸው እዚህ ነው። የቤት ሽቦ መኪና ላይ አትዘርጉ። ውስጡ አንድ ወፍራም መዳብ ያለው የቤት ሽቦ የተሠራው ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ እንዲቀመጥ ነው። መኪና ይንቀጠቀጣል። ከኮብልስቶን እስከ ገጠር ፒስታ ድረስ ሲንገጫገጭ ይውላል። አንድ ነጠላ መዳብ ሲታጠፍ ሲቃና ውሎ ይሰበራል፣ ከላይ ግን ፕላስቲኩ ደህና ስለሚመስል ስብራቱ አይታይም። ፕላስቲኩም የሞተር ክፍልን ሙቀት ለረጅም ጊዜ አይችልም። የመኪና ሽቦ በብዙ ቀጫጭን መዳብ የተሠራ ነው፣ ልባሱም ሙቀትና ዘይት ይችላል።

ስትገዙ ጫፉን ላጡና በምላጭ ፋቁት። ከመዳቡ ቀለም ሥር ነጭ ብረት ከወጣ አሉሚኒየም ላይ መዳብ የተቀባ ነው። አትግዙት። እርጥበት ባለበት ቦታ ቶሎ ይበላል፣ ተመሳሳይ ውፍረት ካለው መዳብ ያነሰ ኮረንትም ነው የሚሸከመው።

ማገናኛዎችን በተመለከተ አዲስ ካልተገኘ ከተፈታ መኪና ላይ ግዙ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሚሄድ ሰው ካለ ማዘዝ ይቻላል። ሲገዛላችሁ ማገናኛውን ብቻ ሳይሆን ቢያንስ አንድ ስንዝር ሽቦ ያለው አድርጎ ይቁረጥላችሁ። ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ካለበት ይመልሰው።

ደረጃ 3፦ የሽቦ ውፍረትና ፊውዝ

ስሌቱ ቀላል ነው። ዋቱን ለቮልቱ አካፍሉ፣ አምፒሩ ይወጣል። ሁለት ባለ 55 ዋት አጭር መብራቶች 110 ዋት ናቸው። ለ12 ሲካፈል 9 አምፒር ገደማ ነው።

አሁን ርዝመቱን አስቡ። 9 አምፒር በ0.75 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ 5 ሜትር ሲሄድ መንገድ ላይ 1 ቮልት ያህል ይጠፋል። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የተራ አምፖል ብርሃን ከቮልቱ በላይ በፍጥነት ነው የሚወርደው። 1 ቮልት ሲጎድል ሩብ ያህሉ ብርሃን አብሮ ይሄዳል። በ2.5 ሽቦ ብትዘረጉት የሚጠፋው 0.3 ቮልት ብቻ ነው። ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ የጊቤን ቁልቁለት በጭጋግ ስትወርዱ ይህ ልዩነት ገደሉን በማየትና ባለማየት መካከል ያለ ልዩነት ነው። መብራቱ ደከመ ብሎ ባለ 100 ዋት አምፖል ከመግጠም በፊት ሽቦውን ማወፈር ይቀድማል። ባለ 100 ዋቱ አምፖል በአሮጌው ሽቦ ላይ ማብሪያውን ከማቅለጥ በቀር ብዙ አይረዳም።

እኔ የምጠቀምበት ልክ ይህ ነው። ለ0.75 ሽቦ ከ7.5 አምፒር ያልበለጠ ፊውዝ። ለ1.5 እስከ 15። ለ2.5 እስከ 20። ለ4 እስከ 30። ጥንቃቄ የበዛበት ልክ ነው፣ ይብዛበት።

ፊውዝ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። አምፖል ቢቃጠል አምፖል ይቀየራል። ሽቦ ሾርት ሲያደርግ (ተልጦ ቦዲ ሲነካ) ግን የባትሪው ኮረንት በሙሉ በዚያች ቀጭን ሽቦ ይወጣና መኪናውን ያቃጥላል። ስለዚህ ፊውዙ የሚመረጠው በሽቦው አቅም ነው፣ የሚቀመጠውም ሽቦው በሚነሳበት በኩል ነው። ከባትሪ በቀጥታ የሚወጣ ማንኛውም አዲስ ሽቦ ከባትሪው አንድ ስንዝር ሳይርቅ ፊውዝ ይኑረው። በባትሪውና በፊውዙ መሃል ያለው ሽቦ ጠባቂ የለውምና።

የፊውዝ ቀለሞቹን በቃል ያዙ። ቡናማ 7.5፣ ቀይ 10፣ ሰማያዊ 15፣ ቢጫ 20፣ ነጭ 25፣ አረንጓዴ 30። ፊውዝ ደጋግሞ ከተቃጠለ ችግሩን ፈልጉ። ከፍ ያለ ቁጥር መክተት፣ የሲጋራ ብር መጠቅለል፣ የሽቦ ክር ማሰር፣ እነዚህ ሁሉ ፊውዙን አውጥቶ እንደመጣል ናቸው። ሌሊት ቆመው የሚቃጠሉ መኪኖች ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ደረጃ 4፦ ሪሌ

ብዙ አሮጌ መኪኖች ላይ የፊት መብራቱ ኮረንት በሙሉ መሪው ሥር ባለው ማብሪያ ውስጥ ያልፋል። ማብሪያው ይሞቃል፣ ኮንታክቱ ይጠቁራል፣ ቀስ በቀስ ይቀልጣል። መፍትሔው ሪሌ ነው። ማብሪያው ሪሌውን ብቻ ያዛል፣ ትልቁ ኮረንት ግን ከባትሪ በአጭር መንገድ ወደ መብራቱ ይሄዳል።

አገጣጠሙ ይህ ነው። 30 ቁጥር ላይ ከባትሪ በፊውዝ የመጣው ሽቦ። 87 ላይ ወደ መብራቱ የሚሄደው። 86 ላይ ከማብሪያው የሚመጣው ቀጭን ሽቦ። 85 ላይ ግራውንድ። አንዳንድ ሪሌ ላይ 87ኤ የሚባል ተጨማሪ እግር አለ። እሱ ሪሌው በማይሠራበት ጊዜ የሚገናኝ ስለሆነ ለመብራት አያስፈልግም፤ ባዶውን ሸፍኑት። አንዳንድ ቶዮታ ማብሪያው የሚቆጣጠረው ኔጌቲቩን ነው። የእናንተ እንዲያ ከሆነ 85 ወደ ማብሪያው ይሄዳል፣ 86 ደግሞ ቋሚ ፖዘቲቭ ያገኛል። በሙልቲሜትር ሳታረጋግጡ አትገምቱ።

ለአጭርና ለረጅም መብራት ለየብቻ ሪሌ ስጡ። ለክላክስና ለራዲያተር ፋንም እንዲሁ። ሪሌዎቹን እግራቸው ወደ ታች እንዲሆን አድርጋችሁ እሰሯቸው፣ ውኃ እንዳይቋጥሩ።

ደረጃ 5፦ አንድ መስመር በአንድ ጊዜ

መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ። ሁልጊዜ ኔጌቲቭ ቀድሞ ይወጣል፣ መጨረሻ ላይም ይገባል። መፍቻችሁ ፖዘቲቩን ይዞ ቦዲ ቢነካ ኔጌቲቩ ከወጣ ምንም አይፈጠርም።

የድሮውን ጥቅል በሙሉ ጎትታችሁ አውጥታችሁ መሬት ላይ አትዘርግፉት። ብዙ ግማሽ ላይ ቀርተው ጋራዥ ውስጥ ሣር የበቀለባቸው መኪኖች የቀሩት በዚህ ምክንያት ነው። አንድ መስመር ውሰዱ፤ ለምሳሌ ክላክሱን። አዲሱን ዘርጉ፣ ባትሪውን ደረጃ 9 ላይ ባለው መንገድ አስራችሁ ፈትኑ፣ ሠርቶ ስታዩ ኔጌቲቩን መልሳችሁ ፍቱና አሮጌውን አውጡ። ከዚያ ወደ ቀጣዩ። ቅደም ተከተሌ ይህ ነው፦ የባትሪና የግራውንድ ወፍራም ገመዶች፣ ቻርጅ፣ ሞተሪኖ (ሞተሩን የሚያስነሳው)፣ የፊት መብራት፣ የኋላ መብራቶች፣ ጋቢና ውስጥ ያለው፣ መጨረሻ ላይ ሬዲዮና ጌጥ።

በዚህ ጊዜ የአላርምና የቴፕ ገጣሚዎች የተዉትን ቆርጦ ማገናኛ ሁሉ ታገኛላችሁ። አንድም አታስቀሩ። ሞተሪኖ መስመር ላይ የተቆረጠና በእጅ ተጠማዝዞ የታሰረ ሽቦ ካለ ጠዋት አልነሳም የሚለው መኪና ምክንያት ተገኘ ማለት ነው።

ደረጃ 6፦ መጋጠሚያ

ሽቦ ከሽቦ ጋር ጠምዝዞ ፕላስተር መጠቅለል መጋጠሚያ አይባልም። ሲሞቅ ማጣበቂያው ይቀልጣል፣ ውኃ ይገባል፣ መዳቡ አረንጓዴ ይሆናል። ከዚያ ቦታው ለኮረንቱ እንቅፋት ይሆንና መሞቅ ይጀምራል።

ትክክለኛው እንዲህ ነው። መዳቡ ንጹሕና አብረቅራቂ እስኪሆን ላጡ። ከጠቆረ ወደ ኋላ ቁረጡ። ሲሞቅ የሚኮማተረውን ቱቦ ቀድማችሁ ሽቦው ላይ አስገቡ፤ ከጨመቃችሁ በኋላ አይገባም። ልኩ የሆነ ተርሚናል አጥልቃችሁ በመጭመቂያ ጨምቁ። ከዚያ በእጃችሁ ጠንከር አድርጋችሁ ጎትቱት። ከወጣ ጥሩ አልነበረም፤ ድገሙት። ቱቦውን ስታሞቁ ከዳሩ ማጣበቂያ ብቅ የሚልበት ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። ለጅማ አየር ተራው ቱቦ አይበቃም።

ስታኞ (ቀልጦ ሽቦ የሚያጣብቅ ብረት) ይሻላል የሚሉ ብዙ ናቸው። ስታኞ ኮረንት በደንብ ያስተላልፋል። ችግሩ ቀልጦ ወደ ሽቦው ክሮች መሃል ሲሳብ ያንን ቦታ ግትር ማድረጉ ነው። መኪናው ሲንቀጠቀጥ ሽቦው የሚሰበረው ግትሩ ካለቀበት ጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ ሞተር ላይና በር አካባቢ ጨምቁ። ስታኞ የግድ ከሆነ ከሁለቱም በኩል እንዳይንቀሳቀስ አድርጋችሁ እሰሩት።

ደረጃ 7፦ ግራውንድ

እዚህ ጋ ሰው ይቸኩላል። ፖዘቲቭ ላይ ቀን ሙሉ ለፍቶ ግራውንዱን ዝገት ላይ ያስረዋል። የሄደው ኮረንት በሙሉ በዚያው መመለስ እንዳለበት አትርሱ።

ቀለሙን እስከ ብረቱ ፋቁ። ካፒኮርዳው (የገመዱ ጫፍ ላይ ያለው ባለ ቀዳዳ ብረት) በደንብ ተጨምቆ ጥርስ ባለው ሮንዴላ ይታሰር። ከታሰረ በኋላ ከላዩ ቫዝሊን ወይም ቀለም ቀቡት። ሦስቱ የማይቀሩት ግራውንዶች ከባትሪ ወደ ሞተር፣ ከባትሪ ወደ ቦዲ፣ ከሞተር ወደ ቦዲ ናቸው። ሞተሩ ጎማ ላይ ስለተቀመጠ በራሱ ቦዲ አይነካም። የሞተሩ ገመድ ከተበጠሰ የሞተሪኖው ኮረንት በነዳጅ መስጫው ገመድ ወይም በሌላ ቀጭን ብረት በኩል መንገድ ይፈልጋል። ሞተር ሲነሳ የነዳጅ ገመዱ የሚሞቅ ከሆነ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ።

ለኋላ መብራቶች ቀይ ጭቃ የሚመታው ላሜራ ላይ አትመኩ። ከእያንዳንዱ መብራት የራሱ ጥቁር ሽቦ ወጥቶ ውስጥ ደረቅ ቦታ ላይ ይታሰር። ፍሬቻ ሲበራ ሌላ መብራት አብሮ ብልጭ ማለቱ በዚህ ይጠፋል።

ለመፈተሽ መብራቱን አብሩ። ሙልቲሜትሩን 20 ቮልት ላይ አድርጉ። አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የመብራቱ ግራውንድ ላይ አሳርፉ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ መልሳችሁ ፋቁ።

ደረጃ 8፦ አነጣጠፍ

ሽቦው ከማርሚታና ከጭስ ማውጫው ይራቅ። ከሞተር ክፍል ወደ ጋቢና ሲያልፍ ቀዳዳው ጎማ ይኑረው፤ ባዶ ላሜራ ሽቦን እንደ ቢላዋ ይቆርጣል። በየስንዝሩ እሰሩት፣ ግን ሞተሩ ሲንቀሳቀስ እንዳይወጠር ትንሽ ልል ተዉለት። የተሰነጠቀ መሸፈኛ ቱቦ ስትጠቀሙ ስንጥቁ ወደ ታች ይሁን። ሽቦው ወደ ማገናኛው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ይጎንበስ። በሽቦው ላይ የሚሄደው ውኃ ታችኛው ነጥብ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ማገናኛው ውስጥ አይገባም።

ደረጃ 9፦ ኮረንት መስጠት

ባትሪውን በቀጥታ አታስሩ። ሁሉንም ፊውዞች አውጡ። የባትሪው ኔጌቲቭና ገመዱ መሃል ባለ 21 ዋት የፍሬቻ አምፖል በሽቦ አስገቡ። አምፖሉ ቦግ ብሎ ከበራ የሆነ ቦታ ሾርት አለ፣ ግን አምፖሉ ኮረንቱን ከ2 አምፒር በታች ስለያዘው የሚቃጠል ነገር የለም። ካልበራ ፊውዞቹን አንድ በአንድ መልሱ። ቦግ ያለበት ፊውዝ ችግሩ የትኛው መስመር ላይ እንዳለ ይነግራችኋል። ሁሉም ደህና ሲሆን አምፖሉን አውጥታችሁ ገመዱን እሰሩ። የእሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ ይኑር።

ከዚያ ለኩ። ያረፈና የሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተር ሲነሳ ከ13.8 እስከ 14.5 መሆን አለበት። ሞተር እየሠራ የባትሪ ገመድ ነቅሎ ዲናሞ መሞከር የሚባለውን ልማድ እባካችሁ ተዉት። በዚያች ቅጽበት የሚዘለው ቮልት ዳዮዱንም ሌላውንም ሊያቃጥል ይችላል። ሙልቲሜትሩ ያለ ምንም ጉዳት ይነግራችኋል።

መኪናው ጠፍቶ ሳለ የሚፈሰውንም ለኩ። ሙልቲሜትሩን 10 አምፒር ላይ አድርጋችሁ በኔጌቲቩና በገመዱ መሃል አስገቡ። በዚህ ሁኔታ ሞተር እንዳታስነሱ። በሮቹ ተዘግተው ከ0.05 አምፒር በታች ከሆነ ጥሩ ነው። 0.5 ከሆነ ግን 45 አምፒር ሰዓት ያለው ባትሪ ሁለት ቀን ሳይሞላ ግማሹን ይጨርሳል። ቁጥሩ እስኪወርድ ፊውዞችን አንድ በአንድ አውጡ፤ የወረደበት መስመር ጥፋተኛው ነው።

መጨረሻ ላይ በላስቲክ ቱቦ ውኃ ከላይ እንደ ዝናብ አርከፍክፉበትና ሁሉንም አብርታችሁ እዩ። ላቫጆ ስትወስዱት ግን በኃይል የሚረጨውን ውኃ ሞተር ክፍል ውስጥ አታስረጩ። በማታ ኮብልስቶን ላይ ንዱት፣ አንድ ሰው ከኋላ መብራቶቹን ይከታተል። የፊውዞቹን ዝርዝር በአማርኛ ጽፋችሁ ክዳኑ ውስጥ ለጥፉ፣ የሣላችሁትን ሥዕል በላስቲክ ጠቅልላችሁ መኪናው ውስጥ አስቀምጡ። ከአንድ ወር በኋላ ኮፈኑን ክፈቱና የባትሪ ተርሚናሎችንና ግራውንዶቹን እንደገና አጥብቁ።